ከፈንታሌ እስከ ዳሎል፦ በምትለጠጥ ምድር ላይ

ሰኞ፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቃሊቲ ወጣን። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦሎጂ የምታስተምር የልጅነት ጓደኛዬ እና ሹፌራችን። ሹፌራችን የጅቡቲን መስመር በከባድ መኪና ሲመላለስበት የኖረ ሰው ነው። ጓደኛዬን «ዶክተር» ይላታል፤ ተራራ ባየ ቁጥር ደግሞ «ይሄስ ይፈነዳል?» ይላታል።

ብዙ ሰው ስምጥ ሸለቆ የሚገባው መተሐራ ሲደርስ ይመስለዋል። ቢሾፍቱ ላይ ግን ነገሩ ተጀምሯል። የከተማዋ ሐይቆች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው። ሆራ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ ጥብስ የሚያዝ ሰው የተቀመጠው እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ ነው ቢባል ሂሳቡን ከፍሎ ይነሳ ይሆን? ከአዳማ ወዲያ ቁልቁለቱ ይበረታል፤ ጆሮ ይደፈናል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ መተሐራ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች። ያንን ሁሉ የወረድነው ወንዝ ቆፍሮት አይደለም። ምሥራቁና ምዕራቡ ደጋ ሲራራቁ መካከሉ ሰምጦ ነው።

አፍሪካ እዚህ ላይ ለሁለት እየተከፈለች ነው። የምዕራቡ ክፍል የኑቢያ ንጣፍ፣ የምሥራቁ የሶማሊያ ንጣፍ ይባላል። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ የሚራራቁት በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሹፌራችን ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል የሚወራው?»

መተሐራ መግቢያ ላይ መንገዱ በውሃ መካከል ያልፋል። በሰቃ ሐይቅ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ አስፋልቱንም ሐዲዱንም ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኗል። ከአገዳ እርሻው መስኖ የሚሰርገው ውሃና ከመሬት ስር የሚመጣው ፍል ውሃ እንደሚያሳድጉት ይነገራል፤ የትኛው ያመዝናል የሚለው ያከራክራል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለመጠጥም አይሆንም። ዳርና ዳሩ ላይ ጥቁር ላቫ ተዘርግቷል፤ በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ ግርጌ ፈስሶ የረጋ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎትም እንኳ አፈር አልያዘም። እዚህም እዚያም ቁልቋል ነገር ከስንጥቁ ወጥቷል እንጂ ሌላው ባዶ ድንጋይ ነው።

አዋሽ ስንደርስ መሽቷል። ከአውራ ጎዳናው ዳር ጀበና ቡና የምታፈላ እናት ዘንድ ተቀመጥን። ከበስተጀርባዋ ያለው ግድግዳ ከጣራ እስከ ወለል ተሰንጥቆ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ከድፍኑ ጎን ደግሞ እንደ ገና ተሰንጥቋል። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ የጀመረው መንቀጥቀጥ የጻፈው ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ዶፈን ተራራ አጠገብ መሬቱ ተቀዶ እንፋሎትና ጭቃ ተፋ። በማግሥቱ ገደማ በመለኪያው 5.7 የደረሰ ርዕደ መሬት መጣ፤ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0። ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከአማራ አጎራባች ወረዳዎች ከ80,000 የሚበልጡ ሰዎች እንዲነሱ ተደረገ። የከሰም ግድብ ስጋትም በየቀኑ ይወራ ነበር።

«ሲኒዎቹ ናቸው የሚነግሩኝ» አለችን። «ረከቦቱ ላይ ኩም ኩም ማለት ሲጀምሩ ጀበናውን አነሣና ‹መጣ› እላለሁ። ልጆቹ ሮጠው ይወጣሉ። ከዚያ ውጭ ማደር ሆነ ሥራችን።»

ጓደኛዬ ምክንያቱን ነገረቻት። ከፈንታሌ ስር ያለው ቅልጥ አለት ወደ ላይ መውጫ ሲያጣ የመሬቱን ቅርፊት እየሰነጠቀ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ዶፈን በጎን ተሰደደ። ሳተላይቶች በራዳር መሬቱ ምን ያህል እንዳበጠና እንደተከፈተ ለኩት። መንቀጥቀጡ የዚያ መሰንጠቅ ድምፅ ነው። እናቲቱ በጥሞና ሰምታ ስታበቃ «እና አሁን የት ደረሰ?» አለች። ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ተገቢው እሱ ነበር። ጓደኛዬም «ከስራችን ረግቶ ድንጋይ እየሆነ ይሆናል» ስትል በ«ይሆናል» መለሰችላት።

ማክሰኞ፤ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ረጅም ቀን። ገዋኔ ድረስ መልክአ ምድሩ አይለዋወጥም፦ በግራ የደጋው ጫፍ በደመና፣ በቀኝ የአየሉ ተራራ፣ መካከል ላይ መኪና የማይፈሩ ግመሎች። ሚሌ ላይ ምሳ በላን፤ ፍየል ነው፣ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው።

ከሚሌ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሐዳር አለ። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችበት ነው። ጊዜ ስላልነበረን አልገባንም፤ ዕድሜዋ እንዴት እንደታወቀ ግን መኪና ውስጥ አነሣን፣ ምክንያቱም የታወቀው በእሳተ ገሞራ ነው። አጥንቷን ራሱን መለካት አይቻልም። ከላይዋና ከታችዋ ያለውን የገሞራ አመድ ግን ይቻላል፦ አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከተተፋበት ቀን ጀምሮ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይቀየራል። የአርጎኑን መጠን የለካ የፍንዳታውን ቀን አገኘ ማለት ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚባለው እንዲህ ተገኘ። በዓለም መጽሐፍ ሁሉ ላይ ስማችን የሚጠራበት ነገር መሬቱ ስለሰመጠ የተቀበረ፣ እሳተ ገሞራ ስለፈነዳ ዕድሜው የታወቀ፣ መሬቱ እንደ ገና ስለተነሣና ስለተሸረሸረ ብቅ ያለ ነው። አንዷ ብትጎድል ድንቅነሽን አናውቃትም ነበር።

ከሰመራ ሳንደርስ ወደ አላሎቤዳ ፍል ውሃ ታጠፍን። ውሃው ከድንጋይ ስንጥቅ እየተንተከተከ ይወጣል፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት ይረጫል። አፉ ዙሪያ ነጭ ሲሊካ ጋግሯል፤ በጣቴ ስነካው እንደ ቀጭን የእንቁላል ቅርፊት ተሰበረ። የዚህ ሙቀት ምንጭ ያው ከታች ያለው ቅልጥ አለት ነው። አካባቢው ተንዳሆ ነው፤ ለመብራት ኃይል የሚሆን እንፋሎት ፍለጋ የተቆፈሩ ጉድጓዶች አሉበት። በላንጋኖ አጠገብ አሉቶ ላይ ትንሽ ጣቢያ ከተሠራ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ያህል የሚፈላ አገር ይዘን ጄኔሬተር ስናስነሣ የምናድር ሰዎች ነን፤ ሰመራ ያደርንበት ሆቴልም ሌሊቱን እንዲያ ነው ያሳለፈው።

ረቡዕ፤ ሰርዶ፣ አፍዴራ

ከሰመራ ወጥተን ሰርዶ ስንደርስ ሹፌራችን ሳይጠየቅ አቆመ። ለሻይ ነው። ጓደኛዬ ግን ሻዩን ትታ ሜዳውን አሳየችኝ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. እዚህ የደረሰው ርዕደ መሬት መንደሪቱን አፈራረሳት፤ ጥቂት መቶ ነዋሪ ከነበራት 40 ያህል ሰው ሞተ። ያኔ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ማዕከል ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን የአገራችንን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ከዜና መዋዕል፣ ከመንገደኞች ማስታወሻና ከመሣሪያ አሰባስበው በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። ስለዚህ «እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ አያውቅም» የሚል ሰው ስሰማ ይገርመኛል። ካራቆሬና ማጀቴ በ1953 ዓ.ም. የደረሰባቸውን እናቶቻችን አይተዋል።

ከሰርዶ በስተ ምዕራብ ሰሜን፣ ከመንገድ ሳይታይ፣ ማንዳ ሐራሮ አለ። እንደኔ የዚህ ጉዞ ሁሉ ቁልፍ ያልሄድንበት ያ ቦታ ነው።

እንዲህ ነው፦ አፋር ላይ ሦስት ንጣፎች ይገናኛሉ። ኑቢያና ሶማሊያ ቀስ ይላሉ፤ ዐረቢያ ግን ፈጠን ትላለች፣ በዓመት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የመሬቱ ቅርፊት በዚህ ልክ በየዓመቱ አይቀደድም። ይለጠጣል፣ ይችላል፣ ዝም ይላል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር ላይ ግን ከዳባሁ እሳተ ገሞራ ጀምሮ በማንዳ ሐራሮ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከፈተ። 2 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቅልጥ አለት ከታች ገብቶ ሞላው። ጎንና ጎኑ አንዳንድ ቦታ ላይ 8 ሜትር ተራራቀ። መስከረም 16፣ አገሩ ደመራ ሲለኩስ፣ ዳኡሬ በተባለው ቦታ 500 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተቀዶ አመድ ተፋ። እረኞች ፍየሎቻቸውና ግመሎቻቸው ሲጠፉባቸው አይተዋል። ከዚያ በኋላ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ሌሎች ከአሥር የሚበልጡ ስንጥቆች ተከታተሉ።

ጓደኛዬ ዳሽቦርዱ ላይ ባለው አቧራ በጣቷ አካፈለች። 8 ሜትር ለ2 ሴንቲ ሜትር፦ 400 ዓመት።

ሹፌራችን መሪውን እንደያዘ «እቁብ ወጣላት ማለት ነዋ!» አለ።

ጓደኛዬ ሳቀች፤ ከዚያ ግን ዝም ብላ አሰበችበት። «ልክ ነህ» አለችው። «የአራት መቶ ዓመቱን በአንድ ጊዜ ነው የበላችው። ግን የዚህ እቁብ ዳኛ የለውም። እጣው መቼ እንደሚወጣ፣ ለፈንታሌ ይሁን ለዳባሁ ይሁን ለሌላ፣ ማንም አይነግርህም።» ሰኞ «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል የሚወራው?» ብሎ የሳቀው ሰው ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ አፍዴራ። ሐይቁ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ አረንጓዴ ነው፣ ዙሪያው ጥቁር ላቫ፣ ዳሩ ላይ ነጭ የጨው ኩሬዎች። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ የአሰብ ጨው ሲቀር የአገሪቱ ወጥ በአብዛኛው የሚጣፍጠው ከዚህ በሚወጣ ጨው ነው። ሠራተኞቹ ከተለያየ ክልል የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ እግራቸው ከጨውና ከፀሐይ ብዛት ተሰነጣጥቋል። የሐይቁን ውሃ በፓምፕ ወደ ኩሬው ይስባሉ፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ እነሱ ይቧጥጣሉ።

አፍዴራ ላይ ስለ ሐይሊ ጉቢ የማያወራ ሰው የለም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከኤርታሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ይህ ጉብታ ፈነዳ። ባለፉት 12,000 ዓመታት ፈንድቶ እንደነበር የሚናገር መዝገብ አልነበረም። የአመዱ ዓምድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ፤ ነፋሱ ቀይ ባሕርን አሻግሮ ወደ የመንና ዖማን፣ ከዚያም ወደ ፓኪስታንና ሕንድ ወሰደው። ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። እዚህ ደግሞ መንደሮቹ በአመድ ተሸፈኑ። ሰው አልሞተም፤ ሣር ግን ሞተ። መሪያችን፣ ወጣት አፋር ነው፣ በመዳፉ ከድንጋይ ስር ዘግኖ አሳየኝ። ግራጫ ነው፣ ዱቄት ይመስላል፣ በጣቶች መካከል ሲታሽ ግን ይቧጭራል፤ የተፈጨ መስታወት ነውና። «ፍየሎቹ ከሣሩ ጋር ይህን ይበላሉ። ጥርሳቸውንም ሆዳቸውንም ይጎዳል» አለ።

ስለ ፍንዳታው መጀመሪያ የሰማው በዳጉ እንደሆነም ነገረን። መንገድ ላይ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይለዋወጣሉ፤ የትኛውን ራስህ አየህ፣ የትኛውን ሰማህ ተብሎ ይጣራል። ከፍንዳታው ቀደም ብሎ የት ጢስ እንደታየ፣ የት መሬት እንደሞቀ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጓደኛዬ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ለሰዓት ያህል ጠየቀችው። ገንዘብ የሚፈስባቸው መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ፤ ግን ዳጉን ከመሣሪያው ጋር ያገናኘ አሠራር ቢኖር ከሁለቱም የተሻለ ይሆናል ባይ ነኝ።

ሐሙስ፤ ኤርታሌ

ከአፍዴራ በኋላ መንገድ የሚባል ነገር ይቀራል። መኪናው ላቫ ላይ እየተንገጫገጨ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ይሄዳል። ሹፌራችን የጎማውን ነገር እያነሣ አማረረ፤ እውነቱን ነው።

ኤርታሌ 613 ሜትር ብቻ ከፍታ ያለው ዝርግ ተራራ ነው፤ ከሩቅ ተራራ አይመስልም። ላቫው ቀጭን ባዛልት ስለሆነ ይፈስሳል እንጂ አይቆለልም፤ በየጊዜው ፈስሶ ፈስሶ ዙሪያውን አስፍቷል። ጫፉ ላይ ያለው የላቫ ሐይቅ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በመንገደኞች ይወሳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. እነ ሐሩን ታዚየፍና ጆርጆ ማሪኔሊ የመሩት የፈረንሳይና የጣልያን ቡድን በስፋት አጠናው። በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ጎኑም ላይ ተሰንጥቆ ሌላ ፍሰት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ ይወድቃል፣ ይሞላል፣ ይለወጣል። በዕድሜ የገፉ ፎቶዎች ይዞ የሚመጣ ሰው ቦታውን አያገኘውም።

በሌሊት ወጣን። አዲሱ ላቫ ላይ ስንረግጥ ቅርፊቱ ቀጭን ስለሆነ ይሰበርና እግር ቁርጭምጭሚት ድረስ ይገባል፤ መሪያችን ቀድሞ በበትሩ እየቀጠቀጠ ነው የሚያሳልፈን። ባትሪዬን ዝቅ ሳደርግ ድንጋዩ ላይ ወርቃማ ፀጉር የመሰለ ነገር ተጠምጥሞ አየሁ። ላቫው ሲፈናጠር በነፋስ ተጎትቶ የቀጠነ መስታወት ነው። ለመንካት እጄን ስዘረጋ ጓደኛዬ ያዘችኝ፤ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ አይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ያሳውራል።

አፋፉ ላይ ብዙ አልቆየንም። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር የድኝ ጋዙ ጉሮሮ ይዘጋል። ጭሱ ሲገለጥ ከታች ቀይ ነጸብራቅ ይታያል፤ አልፎ አልፎ ባሕር ዳር እንደሚሰማው ያለ የማዕበል ድምፅ ይመጣል። ቅልጡ አለት 1,100 ዲግሪ ያልፋል። ላዩ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ቁርጥራጮቹ ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ቀይ መስመር ይከፈታል። ጓደኛዬ ተማሪዎቿን ሁሉ እዚህ ማምጣት ብትችል ስለ ንጣፎች አንድ ሴሚስተር ሙሉ ማስተማር እንደማያስፈልጋት ነገረችኝ። አህጉር በሚሊዮን ዓመት የሚሠራውን ይህ በደቂቃ ይሠራዋል።

ዓርብና ቅዳሜ፤ አሳሌና ዳሎል

ዓርብ ቀኑን ሙሉ መንገድ ነበር፤ አሸዋ፣ ሙቀት፣ ዝምታ። ሐመድ ኤላ አመሻሽ ላይ ደረስን፤ ውጭ በአልጋ ቃሬዛ ላይ አደርን።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ አሳሌ። ሜዳው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የቆምንበት ጨው ደግሞ ወደ ታች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። ከየት መጣ? ከቀይ ባሕር። ባሕሩ ይህን ጎድጓዳ ከአንድ ጊዜ በላይ አጥለቅልቆታል፤ የመጨረሻው ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ነው። በሜዳው ጠርዝ ላይ የኮራል ድንጋይ እስካሁን አለ። ከዚያ በኋላ በሰሜን በኩል መሬቱ ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ የቀረውን ውሃ ፀሐይ ጨረሰችው። በሩ ግን ከፍ ያለ አይደለም። ምድሩ እየተለጠጠና እየሰመጠ ሲሄድ ባሕሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ጓደኛዬ ስለ ሌላው ሁሉ «ይሆናል» ስትል ስለዚህ ግን አላለችም።

ጨው ቆራጮቹ ሥራ የጀመሩት ከኛ በፊት ነው። አንዱ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ይፈልጣል፤ ሌሎቹ እንጨት አስገብተው በጋራ ይገለብጡታል፤ ሦስተኛው ቁጢጥ ብሎ እያስተካከለ አሞሌ ያወጣዋል። እያንዳንዱ ምት ቆጥቦ የሚሰነዘር ነው፣ አንድ ጊዜ የተሳሳተ አሞሌ ይሰበራልና ገንዘቡ ቀረ። ከደጋ የሚወርዱት አርሆዎች ግመልና በቅሎ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ቁጥራቸው ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ አስፋልቱ ከገባ ወዲህ አይሱዙ ይቀድማቸዋል።

ዳሎል ከዚያ ቅርብ ነው። ከጨው ሜዳው 50 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ጉብታ ነው፤ ከስር የገባ ቅልጥ አለት ጨውን አሞቆ አንሥቶታል። በ1926 እ.ኤ.አ. የውሃ እንፋሎት ፍንዳታ ከፍቶታል። ላዩ ላይ ስንወጣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ፤ ቀለሙን የሰጡት ድኝና ብረት ናቸው። ከመሬት የሚፈልቀው ጨዋማ ውሃ 108 ዲግሪ ይደርሳል፣ አሲድነቱም ከመኪና ባትሪ አሲድ ጋር የሚወዳደር ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከዜሮ በታች ይወርዳል። እዚህ ውሃ ውስጥ ሕይወት አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ በ2019 እ.ኤ.አ. ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ተቃራኒ ውጤት አሳትመዋል። ከዳሎል ወረድ ብሎ ያለው ጋኤታሌ የተባለው ኩሬ በ2005 እ.ኤ.አ. ከተከሰተ መንቀጥቀጥ በኋላ የወጣ ሲሆን በዓለም እጅግ ጨዋማ የውሃ አካል ተብሎ ተመዝግቧል። ዙሪያው የሞቱ ወፎችና ነፍሳት ወድቀዋል። አፍንጫዬን በሻሽ ሸፍኜ እንኳ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቻልኩትም።

ጉብታው ላይ ከጨው ጡብ የተሠሩ የፈረሱ ቤቶችና የዛገ ብረት አሉ። ጣልያኖች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ የተባለ ማዕድን ያወጡበት ነበር፤ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ድረስ የሚደርስ ጠባብ ሐዲድ ዘርግተው ነበር። በኋላ በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኩባንያ ቆፈረበት። የ60ዎቹ የአየር ጠባይ መዝገብ አማካኝ የዓመት ሙቀቱን 34.6 ዲግሪ ያደርገዋል፤ ማለት ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ ነው።

እሑድ፤ ወደ መቐለ

በበራህሌ ሽቅብ። ጥቂት ሰዓት ውስጥ ከባሕር በታች ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ወጣን፤ ጆሮ እንደ ገና ይደፈናል። ድንጋዩ በየኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፦ የተጣጠፈ ጥንታዊ አለት፣ ቀይ አሸዋ ድንጋይ፣ ከአጉላ ወዲያ ደግሞ ቢጫማ የኖራ ድንጋይ። እዚያ ላይ አቆምን። ጓደኛዬ ከመንገድ ዳር አንድ ቁራጭ አነሣች፤ ዛጎል ታትሞበታል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ስምጥ ሸለቆም ቀይ ባሕርም ሳይኖር፣ ትግራይን የሸፈነ ባሕር የተወው ነው።

ሹፌራችን ዛጎሉን ወደ ፀሐይ አድርጎ አየውና «ይሄ ባሕር አመል አለው» አለ። ከዚያ ወደ መሪው ተመለሰ፣ መቐለ እስክንገባ ከሲሚንቶ ጫኝ መኪኖች ኋላ ተሰልፈን ተጓዝን። የመሰቦ ሲሚንቶ የሚፈጨው ከዚሁ የኖራ ድንጋይ ነው።